የእትዬ መነን ጉንፋን

ስቶክሆልም፣ ሮግስቬድ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ካለችው ካፌ የወጣው ወሬ እንዲህ ይላል፦ ጋሽ ዕንባቆም የሟች ሚስታቸውን የእትዬ መነንን ድምፅ በማሽን አሠርተው፣ ሞባይላቸው ውስጥ አስቀምጠው፣ እንደ ድሮው አብረው ያስተምራሉ። ታክሲ ነጂው ይግዛው ወሬውን ሰኞ ሲያመጣው እትዬ መነን በማሽኑ የሚናገሩት አማርኛ ብቻ ነበር፤ ዓርብ ላይ ስዊድንኛ ጨመሩ፤ በሳምንቱ መዝሙር ሊያወጡ ነው ተባለ።

ወሬ እንዲህ ሲያምር ግን መጠርጠር ነው። ጋሽ ዕንባቆም ስልካቸው «ልታደስ?» ብሎ በጠየቃቸው ቁጥር ሽማግሌ ካልተሰበሰበ መልስ የማይሰጡ ሰው ናቸው። ከዚያ ሁሉ ቁልፍ የሚያውቁት ሁለት ነው፤ መቅጃውንና መላኪያውን። የፊደሉን መጠን ማተለቅ ያቃተው ሰው ሙታንን በየት በኩል ያስነሣል?

ማስተማራቸውስ እውነት ነው። በወጣትነታቸው ለትምህርት መጥተው እዚሁ ቀሩ፤ ባዮሎጂ ሲያስተምሩም ቆይተው ጡረታ ወጡ። ከዚያ ወዲህ በርቀት ረዳት ነርስነት ለሚማሩ የሀበሻ ሴቶች ትምህርቱን በአማርኛ እያብራሩ በፖድካስት ይልካሉ። ሴቶቹ አረጋውያን ሲያጥቡና ሲያጎርሱ ነው የሚውሉት፤ መጽሐፍ መግለጫ ጊዜ ከየት ይምጣ? ጆሯቸው ግን ሥራ አይፈታም። አንዷ ከሶደርተልየ በባቡር ስትመላለስ፣ ሌላዋ ሁዲንጌ አውቶቡስ ስትጠብቅ፣ አንዷም በሰሜኑ ጫፍ የደጇን በረዶ ስትዝቅ፣ ኩላሊትና ጉበት በጆሯቸው ይገባል።

እትዬ መነን ወደ ትምህርቱ የገቡት በስህተት ነው። ጋሽ ዕንባቆም ስለ ቆሽት ሲቀዱ ከጓዳ ድምፅ መጣ፦ «ቆይ እስቲ! ይቺ ቆሽት ደግሞ ምን ሠርታ ነው የምትበላው? ቀስ ብለህ አስረዳ እንጂ፣ ማን አባረረህ?» ጋሽ ዕንባቆም መቁረጥ ስለማይችሉ እንዳለ ላኩት። ተማሪዎቹ በሳቅ ፈረሱ። ቆሽትንም ዕድሜ ልካቸውን አልረሷትም። ከዚያ በኋላ እትዬ መነን ማዶ ለማዶ ተቀምጠው ያልገባቸውን ሁሉ ይጠይቁ ጀመር። ተማሪዎቹ «የክፍል አለቃችን» አሏቸው፤ ፊታቸውን ግን አብዛኞቹ አይተውት አያውቁም።

ቅጠል ሲረግፍ እትዬ መነን ታመው ሳይከርሙ ሞቱ። የስቶክሆልም ሀበሻ ነቅሎ ወጥቶ ቀበረ። ከሥራ ወደ ቤት ብቻ የሚሉት፣ በአገሩ ዳርቻም ያሉት ተማሪዎች ግን አልሰሙም።

«አባዬ፣ አንድ መስመር ጻፍላቸው፣ በቃ» አለች ልጃቸው ያኔት፣ እንደ ልማዷ በስዊድንኛ።

«መርዶ በጽሑፍ? እናትሽ እኮ የፓርኪንግ ቅጣት አይደለችም!»

መርዶ ማለት ጎህ ሲቀድ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ በር ተንኳኩቶ፣ የሚወድቀውን የሚደግፍ እጅ ተዘጋጅቶ ነው። አውቶቡስ ውስጥ ለቆመች ሴት በጆሮ ማዳመጫ እንዴት ይነገራል? ማንስ ይደግፋታል? ስለዚህ ጋሽ ዕንባቆም በቀጣዩ ትምህርት ጉሮሯቸውን ጠርገው «መነን ጉንፋን ይዟታል፤ ሰላም ብላችኋለች» አሉ።

ጉንፋኑ ከረመ። ከየአቅጣጫው ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ በፖስታ ጎረፈ። ፌጦው ብቻ መላውን ስካንዲናቪያ አስነጥሶ፣ አድኖ፣ ለሩሲያም ይተርፍ ነበር። ጋሽ ዕንባቆም ትምህርቱን አላቋረጡም፤ ግን ከባድ ቃል በመጣ ቁጥር ከማዶ «ቆይ እስቲ!» የሚላቸውን እየጠበቁ ዝም ይላሉ። ዝምታውም አብሮ ይቀዳል። ተማሪዎቹ የኔትወርክ ችግር ነው ብለው ስልካቸውን ይነቀንቃሉ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። የሶደርተልየዋ ተማሪ ፋናዬ ናት፤ ማር በጠርሙስ ይዛለች።

«ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ሳልደውል መጣሁ። ይሄ ጉንፋን አልገባኝም። እኔ ራሴ ላያቸው ነው። ተኝተዋል?»

«ግቢ» አሏት።

ፋናዬ ጫማዋን ልታወልቅ አጎነበሰች። በየአረጋውያኑ ቤት የምትሠራ ሴት ናት፤ ሰው ቤት ስትገባ መጀመሪያ የምታየው ከበሩ ሥር ያለውን ጫማ ነው። የወንድ ጫማ ብቻ ነው ያለው። እንዳጎነበሰች ቀረች።

«ጋሼ... የእሳቸው ጫማስ?»

ጋሽ ዕንባቆም ደጋፊ ፍለጋ ዘወር አሉ። ማንም የለም። «ልጄ፣ ቁጭ በይ መጀመሪያ...»

«ቁጭ በይ» ከተባለ ወዲያ ለሀበሻ ምን ይነገራል? ፋናዬ ደረቷን መታች፤ ጮኸችም። የጎረቤቱ ስዊድናዊ በሩን ከፍቶ፣ አይቶ፣ ቀስ አድርጎ ዘጋ።

«ምነው ጋሼ! ለሞተ ሰው ፌጦ ያስልኩኛል?»

«በስልክ ልንገርሽ ነበር?»

«እሱስ አይነገርም» አለች ፋናዬ፣ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች። «ለሌሎቹ እኛ እናደርሳለን። እርስዎ ግን ከእንግዲህ ጉንፋን እንዳይሉ።»

እንዳለችውም ሆነ። አንዷ ወደ ሌላዋ እየሄደች፣ ሰው አስከትላ፣ ጎህ ሲቀድ በር አንኳኳች። ጥቁር ሻርፕ ያን ያህል ጊዜ በስዊድን ባቡር ተሳፍሮ አያውቅም፤ ሰሜን ጫፍ ድረስ ዘልቆ አጋዘን አስደነገጠ ተብሏል። የመጨረሻዋም ሰማች።

ለጋሽ ዕንባቆም የባሰው ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። እስከዚያ ድረስ መነን በየአውቶቡሱ፣ በየባቡሩ፣ በነዚያ ሴቶች ጆሮ ውስጥ ጉንፋን የያዛት ሕያው ሴት ነበረች። «ይማርሽ» የሚላት፣ የሚጠብቃት ሰው ነበራት። አሁን እዚያም ሞተች።

የመጨረሻዋ በሰማች ማግስት ካፌ ገብተው ማዕዘን ላይ ተቀመጡ። ይግዛው ወንበሩን ስቦ ተጠጋ።

«ጋሼ፣ አይቆጡኝና፣ የእትዬ መነንን ድምፅ በማሽን አሠርተዋል የሚባለው... ሞባይልዎ ውስጥ ያናግሩዎታል አሉ።»

«ውሸት ነው» አሉ ጋሽ ዕንባቆም። «ምንም አላሠራሁም። በትምህርቱ የተቀዳውን የራሷንም ድምፅ ከሞተች ወዲህ አልከፈትኩትም።»