በተሳሳተ ዓመት የተቀመጠው ፎቶ

የሺእመቤት ከስምንተኛ ክፍል ትምህርቷን አቋርጣ ያልሠራችው ሥራ የለም። ልብስ አጥባለች፣ ሱቅ ጠብቃለች፤ ላለፉት ዘጠኝ ዓመታት ደግሞ ከዓለም ባንክ ሰፈር በታክሲ እየተመላለሰች ኮልፌ የግሩም ፎቶ ቤት ትሠራለች። ከእንግዲህ አዲስ ነገር ይመጣል ብላ አትጠብቅም ነበር። የዚያን ሐሙስ ግን ልቧ እንደ ኮረዳ ልብ ሲመታ ዋለ።

ጠዋት እማማ ወለተጻድቅ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ገቡ። እሑድ የባለቤታቸው የአቶ ቀለመወርቅ አርባ ነው። ሟቹ በሰኔ ለጡረታ ጉዳይ እዚሁ የተነሡት ፎቶ በትልቁ እንዲታተምላቸው ፈለጉ። ያኔ የታተሙት አራቱም ከማመልከቻው ጋር ገብተዋል።

«ከሠርጋችን ወዲህ ከዚያ በቀር ካሜራ ፊት ቆሞ አያውቅም» አሉ። «ሌላ የለኝም፣ ልጄ።»

የሺእመቤት ደነገጠች። የኮምፒውተሩ ዲስክ ባለፈው ሳምንት ተቃጥሏል። የተረፈው መጠባበቂያ ዲስኩ ብቻ ነው፤ ጎረቤታቸው የኮምፒውተር ጠጋኙ ቀጄላ፣ የቤቱ ፎቶ ሁሉ በየምሽቱ በዕለቱ ቀን በተሰየመ ፎልደር እዚያ እንዲቀመጥ አድርጎ ነበር። ፎልደሮቹን አንድ በአንድ አየች። የሰኔ አጋማሽ የለም።

ግሩምን ብትጠይቀው ዲስኩ ሲሞላበት አሮጌውን እንደሰረዘ ነገራት። «2017 የሚሉትን ብቻ ነው። የስምንት ዓመት ቆሻሻ ምን ያደርግልናል? እሱም ቢሆን ይህ ነው የሚባል ቦታ አልለቀቀልኝም።»

ያኔ ትዝ አላት። ሰኔ ላይ የኮምፒውተሩ ባትሪ ደክሞ መብራት በሄደ ቁጥር ቀን ይጠይቅ ነበር። እሷም ግድግዳው ላይ ያለውን የእኛን የቀን መቁጠሪያ አይታ ሞላችለት፤ 2017፣ ዐሥረኛ ወር፣ አምስት። ሰኔ ዐሥረኛ ወር አይደል? ፈረንጁ 2025 ላይ ነው ብሎ ማን አስቦ። ቀጄላ ከሁለት ሳምንት በኋላ ባትሪውን ቀይሮ ቀኑን አስተካከለ፣ ሳቀባት፣ ነገሩ በዚያው ተረሳ። ግሩም የሰረዘው እንግዲህ የዘንድሮን ሰኔ ነው።

እማማን ቁጭ በሉ ብላ ወደ ቀጄላ ሮጠች። ሰምቷት ሲያበቃ አንድ ነገር ብቻ ጠየቃት፤ የሐምሌ ፎልደሮች አሉ? አሉ።

«የሺዬ፣ የክርስትና ስምሽ ማነው?»

ጴንጤው ቀጄላ የክርስትና ስም ምን ሊያደርግለት ነው ብላ ተናደደች። «ወለተ ማርያም።»

«የሺእመቤት የሚለውን ስም ከቀበሌ መዝገብ ቢፍቁት ወለተ ማርያም ትሞታለች?»

ከዚያ አስረዳት። ያልተለወጠ ፎቶ በየምሽቱ እንደገና አይገለበጥም። ዲስኩ ላይ የሚቀመጠው አንዴ ነው፤ የየቀኑ ፎልደር ለዚያው ለአንዱ ፎቶ ተጨማሪ ስም ይሰጠዋል እንጂ። ግሩም የሰኔ ስሞቹን ነው የፋቀው። የመጨረሻው ስም እስኪሰረዝ ፎቶው አለ፤ ብዙ ቦታ ያልተለቀቀውም ለዚህ ነው።

ተያይዘው ወደ ፎቶ ቤቱ ሮጡ። የሐምሌን የመጨረሻ ፎልደር ከፍተው ፎቶዎቹን በቀን ቅደም ተከተል ደረደሯቸው። የሰኔ አጋማሽ አሁንም ባዶ ነው። ቀጄላ ፎልደሩን ሊዘጋው ማውሱን ያዘ።

የሺእመቤት ግን ከእጁ ነጠቀችው። ያልተስተካከለው ፎቶ ከታተመ በኋላ ከካሜራው ይጠፋል፤ የሚቀረው እሷ ኮምፒውተሩ ላይ አስተካክላ ያስቀመጠችው ነው። ኮምፒውተሩ ደግሞ ያን ሰሞን ስለ ቀኑ ያመነው እሷን ነው።

«ፎልደሩን 2017 ካለው ፎቶውንም 2017 ነው የሚለው» አለች። «እዚህ ምን እንፈልጋለን?»

ወደ ታች ወረደች፤ 2025ን አለፈች፣ 2024ን አለፈች። መጨረሻው ላይ፣ የስምንት ዓመት አሮጌ መስለው፣ የሁለት ሳምንት ፎቶዎች ተሰልፈው ቆመዋል። አንዱን ከፈተች። አቶ ቀለመወርቅ ክራባታቸው ወደ ግራ ዘንበል ብሎ ቀጥ ብለው አዩዋት።

ቀጄላ ጠረጴዛውን በጥፊ መታው። «ትምህርት ያቋረጥሽው አስተማሪው ፈርቶሽ መሆን አለበት» አላት። እማማ ወለተጻድቅ ጫጫታውን ሰምተው ሲጠጉ ግሩም ስለ ተሳሳተው ዓመት ሊያስረዳቸው ሞከረ። እሳቸው ዓይናቸውን ከባላቸው ሳይነቅሉ አዳመጡት።

«ሰኔ 2017 አይደለም እንዴ የተነሣው?» አሉ። «ታዲያ ምኑ ነው የተሳሳተው?»

የሺእመቤት ሳቋን እያፈነች ትልቁን ወረቀት ማተሚያው ውስጥ ልታስገባ ሞከረች፤ ሁለት ጊዜ ጠመመባት፣ በሦስተኛው ገባ።