ፈተናውን አቡጊዳ ያስቆጠርንበት ሰኔ

ባለፈው ሳምንት አዲስ የተቀጠረ የሥራ ባልደረባዬ የወደቀበትን የኮምፒውተር ደህንነት ፈተና አሳየኝና፣ «ግድ የለም፣ ደግሜ ሳስኬደው ያልፋል» አለኝ። በእርጋታ ነው ያለው። እኔን ግን አስደነገጠኝ። ፀጉሬ ሳይሸብት፣ ባሕር ዳር የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ሳለሁ፣ ይህችኑ ቃል ስንት ጊዜ ብያታለሁ!

ያኔ የመመረቂያ ሥራችንን አብሮኝ የሚሠራው ጌትነት የቁንዝላ ልጅ ነው። አባቱን ሁሉም የኔታ ይላቸዋል፤ የቤተ ክርስቲያን መምህር ናቸው። ልጃቸው የድጓ ትምህርቱን አቋርጦ ወደ ኮምፒውተር ሲዞር ከፍቷቸው፣ «ከያዝኸው አይቀር ጨርሰው» ብለው ነው የሸኙት። እኔ የፋብሪካ ሠራተኛ ልጅ ነኝ፤ ባልመረቅ አባቴ ተቆጥቶ ያልፈው ነበር። ጌትነት ግን ባዶ እጁን ወደዚያ ቤት መመለስን እንደ ሞት ይፈራው ነበር።

ሥራችን ከርነል የሚባለውን፣ ፕሮግራሞችን ሁሉ ከሥር ሆኖ የሚያስተዳድረውን ክፍል መፈተን ነበር። አንዱ ፕሮግራም ሌላው የያዘውን የይለፍ ቃል ሰርቆ ሊያነብ ይሞክራል፤ ከርነሉ ከከለከለው ፈተናው አለፈ፣ ዝም ካለው ወደቀ እንላለን። በተርታ ከምናስኬዳቸው ብዙ ፈተናዎች መካከል ጌትነት የጻፈው ይህ ፈተና ግን አመል ነበረው። ምንም ሳንነካው ጠዋት ያልፋል፣ ከሰዓት ይወድቃል። አስተማሪያችን፣ «ሁለት መልስ የሚሰጥ ፈተና አልቀበልም። እስከ ሰኞ ካልተስተካከለ ዘንድሮ አትመረቁም» አሉን።

መብራቱን ጠረጠርን። ሰኔ ነው፤ በሐይቁ በኩል ሰማዩ ሲጠቁር መብራቱ ይሄዳል። ሲመለስ ኮምፒውተሩን አስነስተን፣ እንደገና ሳይጠፋብን እንጨርስ ብለን፣ ካቆምንበት ፈተና እንቀጥላለን። ማን ከመጀመሪያው ይጀምራል? የሚወድቀውም ያኔ ነበር። ዕቃው አርጅቶ ነው ብለን ሌላ ኮምፒውተር ተዋስን፤ ያው ነው። በየፈተናው መካከል ጥቂት እንዲጠብቅ አደረግነው፤ ያው ነው። በመጨረሻ ሥራችን ሲወድቅ ሁሉንም ከመጀመሪያው መድገም፣ ሲያልፍ ማጨብጨብ ሆነ።

ቅዳሜ ጌትነት፣ «ላባባ እኔው ሄጄ ልንገራቸው፤ ከሰው አፍ አይስሙት» አለኝ። አብሬው ሄድኩ። የቁንዝላ መንገድ በዝናብ ምን እንደሚመስል የሄደበት ያውቀዋል፤ መኪናው እየተንሸራተተ፣ ተሳፋሪው እየወረደ እየገፋ ደረስን። የሐዋርያት ጾም ስለነበር እናቱ እንጀራ በስልጆ አቀረቡልን። ሰናፍጩ ዓይኔን አስለቀሰኝ። ጌትነት አንድም አልጎረሰ።

የኔታ ደጃፉ ላይ ተማሪዎች ያስቆጥራሉ። አንዲት ልጅ ሀሁን በዜማ እያንበለበለች ጨረሰች። አድንቄ ሳልጨርስ የኔታ፣ «በይ አቡጊዳውን» አሉና ፊደሎቹ ተቀላቅለው ወደተጻፉበት ገጽ ገለጡ። ልጅቱ እንደገና «ሀ፣ ሁ» ብላ ጀመረች።

«አላወቅሽውማ!» አሏት ፈገግ ብለው። «ፊተኛው ኋለኛውን እየጎተተ ነው የሚያመጣልሽ።»

ጌትነት ከመቀመጫው ብድግ አለ። «እኛም አቡጊዳ አላስቆጠርነውም!»

«ምኑን?»

«ፈተናውን ነዋ፣ አባባ! ሁልጊዜ በተርታ ነው ያስኬድነው!»

የኔታ ልጃቸው የታመመ መስሏቸው ወደ እኔ አዩ። እኔም ገና አልገባኝምና አቀረቀርኩ።

እሑድ ተመልሰን የፈተናዎቹን ተራ ደባለቅነው፤ በየመሃሉም ኮምፒውተሩን አጥፍተን አስነሳነው። የጌትነት ፈተና ወደቀ። ደገምነው፤ ወደቀ። ለካ ከሱ በፊት የሚሄደው ሌላ ፈተና ለራሱ ጉዳይ አንድ የከርነል መከላከያ ያበራና ሳያጠፋው ይወጣል፤ የጌትነት ፈተናም በዚያ ተከልሎ ያልፋል። መብራት ሲሄድ ግን መከላከያውም አብሮ ይጠፋል፤ ካቆምንበት ስንቀጥልም መልሶ የሚያበራው የለም። ፈተናው እውነቱን የተናገረው ሲወድቅ ነበር፤ ስናጨበጭብ የከረምነው ለሐሰቱ ነው።

ሰኞ አስተማሪያችን ስክሪኑን አይተው፣ «ወደቀ እኮ!» አሉ።

«አዎ፣ ሁልጊዜ ይወድቃል!» አልናቸው፣ ደስታችንን መደበቅ አቅቶን።

ነገሩን እስክናስረዳቸው ግራ ገባቸው። ከዚያ ራሳቸው አዘጋጅተው የሰጡንን ከርነል ሲፈትሹ መከላከያው ከመጀመሪያውም አልበራም ነበር። አበሩትና፣ «በሉ እንዳሻችሁ ደባልቁት» አሉ። ደባለቅነው። አለፈ። ጌትነት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ አለቀሰ። በክረምቱ ሲመረቅ የኔታ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ከፊት ተቀምጠው ነበር።

ደስ የሚል ታሪክ ነው፤ ሰውም ሳጫውተው ይስቃል። እኔን ግን አንድ ነገር እስከ ዛሬ ግራ ያጋባኛል። በዚያ ሰኔ መብራቱ ባይሄድ ኖሮ ፈተናው ሁልጊዜ ያልፍ ነበር። እኛም እንመረቅ፣ የኔታም ደስ ብሏቸው ይመለሱ ነበር። ስህተቱን ማንም አያውቀውም ነበር። ታዲያ ከዚያ ወዲህ በመጀመሪያው ሙከራ ያለፉልኝ ፈተናዎች ስንቶቹ እንደዚያ ይሆኑ?

ለባልደረባዬ ይህን ሁሉ አላወራሁለትም። «የወደቀውን ተወው፤ መጀመሪያ ያለፉትን አምጣቸው» አልኩት።

«ያለፉትን?» አለኝ፣ ግራ ገብቶት።