ሾላው ሥር የጠበቀችኝ

ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ አጥሯን ልታሳድስ ቀርከሃ አስመጥታ በበራችን አጠገብ አስከመረችው። ገና የተቆረጠ ነው። ጠዋት በሩን ስከፍት ሽታው ተቀበለኝ፤ እርጥብ፣ ትንሽ መረር የሚል ሽታ። ልጄ ቦርሳዋን አንግታ ባጃጁን ትጠብቃለች። እኔ ግን ለአፍታ አሶሳ መሆኔን ረሳሁ። ድባጤ ገጠር ውስጥ፣ ቀርከሃውን ሰንጥቆ በሚያልፈው ቀጭን መንገድ ላይ ነበርኩ።

"እማዬ፣ ዛሬም በባጃጅ ነው?"

"ዛሬም።"

"ዳይሬክተሩ እኮ በእግራችሁ ኑ ብሏል።"

እውነቷን ነው። በወላጆች ስብሰባ ላይ ተነግሮናል። ጠዋት ጠዋት የትምህርት ቤቱ በር በባጃጅና በሞተር ስለሚጨናነቅ፣ ቤታቸው ቅርብ የሆነ ልጆች በእግራቸው፣ ብስክሌት ያላቸውም በብስክሌት ይምጡ ተባለ። ሌሎቹ ወላጆች አጨበጨቡ። እኔ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ለምን እንደሆነ ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለእናንተ ልንገራችሁ።

ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ። ከቤታችን ትምህርት ቤት የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። እኛ ደጋው ጫፍ ላይ ነበርን፤ ጓደኛዬ ከታች፣ ከቆላው፣ ከጉሙዞች መንደር ትመጣለች። ሁለቱ መንገዶች የሚገናኙት አንድ ትልቅ ሾላ ሥር ነበር። ከሾላው ወዲያ ቀርከሃው ይጀምራል። ውስጡ በቀን እንኳ ጨለምለም ይላል፤ ነፋስ ሲነሳ እርስ በርሱ እየተፋተገ ያቃስታል። በዚያ ብቻውን የሚያልፍ ልጅ አልነበረም። ስለዚህ እኛው ልጆቹ ያወጣነው ሕግ ነበረን። ሾላው ጋ ቀድሞ የደረሰ ጓደኛውን ይጠብቃል። ቀድሞ ማለፍ ግድ የሆነበት ደግሞ እርጥብ ቅጠል ቆርጦ መንገዱ መሐል ያስቀምጥና ድንጋይ ይጭንበታል። አልፌያለሁ፣ አትጠብቁኝ ማለት ነው። ቅጠል ከሌለ ጓደኛህ ገና አልመጣም፤ ትጠብቀዋለህ።

ጓደኛዬ ሁልጊዜ ትቀድመኝ ነበር። ከሩቅ ስታየኝ፣ "አንተ ዛሬም ዘገየ! አሮጊት ሆነ እንዴ?" ብላ ትጮሃለች። አማርኛዋ እንደዚያ ነበር፤ ወንዱም ሴቱም ለእሷ "አንተ" ነው። እኔ በእሷ ቋንቋ ስመልስላት ደግሞ ሆዷን ይዛ ትስቅብኛለች። እሷ ከቆሎዬ ትዘግናለች፣ እኔ ከለውዟ። ረቡዕና ዓርብ ስጾም እሷም ለውዟን አትፈታም ነበር። ማንም አላዘዛትም።

ጥር ላይ የሒሳብ ፈተና ደረሰ። በዋዜማው የእናቴ ወንድም ከከተማ በብስክሌት መጥቶ እኛ ጋ አደረ። ጠዋት፣ "ነይ ላድርስሽ፤ ሳትደክሚ ትፈተኛለሽ" አለኝና ከኋላው ባለው ብረት ላይ ጋቢውን አጥፎ አነጠፈልኝ። ቁልቁለቱን ስንወርድ ነፋሱ ቀሚሴን ያርገበግበው ነበር። የተቃጠለው ሣር ይሸታል፤ ደወሉ ይጮሃል፤ ሰው ሁሉ ዞሮ ያየናል።

ሾላው ሥር ማንም አልነበረም። ያን ቀን እኔ ቀድሜ ነበር። "አንዴ ልውረድ፣ ቅጠል ላስቀምጥ" ማለት ነበረብኝ። አፌን ከፍቼም ነበር። ግን ከቆምን የቀጣዩን ዳገት በእግር ልወጣው ነው፤ እኔ ደግሞ ልጆቹ በብስክሌት ስደርስ እንዲያዩኝ ፈልጌያለሁ። የኮርቻውን ጫፍ አጥብቄ ያዝኩ፤ አለፍነው።

ፈተናው ሲጀመር ቦታዋ ባዶ ነበር። ሊያልቅ ሲል በመስኮቱ አየኋት። ከአጥሩ ውጭ ቆማለች፤ እግሯ እስከ ጉልበቷ አቧራ ለብሷል። ዘበኛው ረፍዷል ብሎ አላስገባትም።

እንደጨረስኩ ሮጬ ወጣሁ። ምን እንደምትለኝ ፈርቼ ነበር።

"አንተ ደህና ነህ?" አለችኝ።

ሾላው ሥር ቅጠል ስላላየች ጠብቃኛለች። ሌሎች ልጆች ሲያልፉ፣ "እናንተ ሂድ፣ እሱ ገና ነው" ብላ ሸኝታቸዋለች። ስዘገይባት ታምሜ መስሏት ዳገቱን ወጥታ እቤታችን ድረስ ሄዳለች። እናቴም፣ "በብስክሌት ሄደች እኮ፣ የኔ ልጅ" አለቻት። ከዚያ ያን ሁሉ መንገድ ተመልሳ፣ ቀርከሃውን ብቻዋን አልፋ መጣች።

"ደህና ነኝ" አልኳት።

"ደህና ከሆነ ጥሩ።"

እኔ ግን ይቅርታ አላልኳትም።

በሒሳብ ዜሮ ተጻፈላት፤ በዚያ ዓመት ወደቀች። በሚቀጥለው ዓመት እኔ የጠዋት ፈረቃ ተማሪ ሆንኩ፣ እሷ የከሰዓት። ከመንደሯ ከእሷ ጋር የሚመላለስ ልጅ አልነበረም። ጥቂት ወር ብቻዋን ሞከረችው። ወደ ቤት ስትመለስ ግን ይመሽባታል፤ አባቷም በዚያ ጫካ ብቻዋን አታልፍም ብሎ አስቀራት። ክፉ ሰው አልነበረም። እንደ እኔ ፈርቶ ነው።

ዓመታት አለፉና በአካባቢያችን ጎረቤት በጎረቤቱ ላይ የተነሳበት ያ ክፉ ጊዜ መጣ። እኛም እነሱም ተበታተንን። እግዚአብሔር ልጄን ይዤ አሶሳ እንድገባ ፈቀደልኝ፤ ስሙ ይመስገን። ከዚያ ወዲህ ልጄን ከዓይኔ አልነጠልኩም። ጓደኛዬ የት እንደደረሰች አላውቅም። በጸሎቴ ግን አነሳታለሁ። የክርስትና ስም የላትም፤ እናቷ ባወጣችላት ስም እጠራታለሁ። እሱ ያውቃታል።

ቀርከሃው በሸተተኝ ቀን ማታ ጎረቤቴ በሩን አንኳኳች። የአሶሳ ተወላጅ ናት፤ ከልጄ ጋር የምትማር ሴት ልጅ አላት፤ በአማርኛዋ ግን ልጅ ሁሉ ወንድ ነው።

"እህቴ፣ ነገ የኔ ልጅ በእግሩ ይሄዳል፤ ዳይሬክተር ብሏል" አለችኝ። "ግን ብቻውን ፈራ። ያንቺ ልጅ አብሮ ቢሄድ?"

እምቢ ልላት ነበር። ባጃጁ አለ፣ መንገዱ አያስተማምንም፣ ብዙ የምለው ነበረኝ። "ብቻውን" ያለችው ግን ሾላው ሥር መለሰኝ።

"አብረው ይሂዱ" አልኳት።

በማግስቱ ሁለቱ ልጆች ሲወጡ ከኋላቸው ሆኜ በመስቀል ምልክት አማተብኩባቸው። ጎረቤቴ አየችኝ።

"ለኔም ልጅ አደረግሽ?"

"ለሁለቱም።"

"ጥሩ ነው። እኔም ለሁለቱ ቢስሚላህ ብያለሁ።"

ልጆቹ ቀዩን አፈር እየረገጡ ራቁ። ልጄ የሆነ ነገር ተናገረች መሰለኝ፤ የጎረቤቴ ልጅ ስትስቅ ሰማሁ። ከማንጎዎቹ አልፈው ወደ አስፋልቱ ታጠፉ።

"ሄዱ እኮ፣ አይታዩም" አለችኝ ጎረቤቴ። "ግቢ በቃ፣ ብርድ ነው።"

"አንቺ ግቢ" አልኳት።

ሁለታችንም ወደ ቤት አልገባንም።