ከትራስ በላይ ያለ መስመር

ቀለም ቀቢዋን ሰፈሩ «መርዶ» ይላታል። ዕድሜዋን ሙሉ የሙሽራ ቤት ስትቀባ ኖራ፣ በስተርጅና ይህ ስም ይገባታል? ወንዙ ጠባዩን ቀየረ ሲባል ማዘጋጃ ቤቱ ቀጠራትና፣ ውሃው ሊደርስበት የሚችለውን ከፍታ በየቤቱ ግድግዳ ላይ በሰማያዊ ቀለም ታሰምር ጀመር። ከመስመሩ በታች የሚተኛ ሁሉ ፎቅ ይውጣ ተባለ።

«ለመሆኑ ውሃው ይመጣል?» ብላ የማዘጋጃ ቤቱን ባለሙያ ጠየቀችው።

«ከቁርጭምጭሚት ላያልፍም፣ ጣሪያ ሊነካም ይችላል። ስሌቶቻችን አልተስማሙም። መስመሩን በደረት ልክ አድርጊው።»

የእናቷ ቤት ስትደርስ መስመሩ ከአልጋው ትራስ በላይ አለፈ። እናቷ ወገባቸው ከተሰበረ ወዲህ ከምድር ቤቱ አልጋ ወርደው አያውቁም፤ ሐኪሙም «ከተነሱ ሊሞቱ ይችላሉ» ብሏል። እዚያው ቢተዉስ፣ ውሃው ቢመጣ? ጨነቃት። ደግሞ ቀለሙ ከደረቀ ወዲህ የእናቷ ድመት ከደረጃው አልወርድ አለች። ከመስመሩ በታች ያለው ግድግዳ እጅ ሲነካው በረዶ ነው፤ ከላይ ያለው ደህና።

«ተሸክመን እናውጣት» አለችው ወንድሟን።

«ላልመጣ ውሃ እናቴን ልትገያት ነው!» እያለ አብሯት ተሸከመ። አሮጊቷ በየደረጃው ጮኹ። ላይ ሲደርሱ «በቁሜ ቀበርሽኝ» አሏትና አፋቸውን ዘጉ። በጋውን ሙሉ ከወንድሟ እጅ ብቻ ጎረሱ። እሷ ስትገባ ፊታቸውን ያዞራሉ።

አንድ ጠዋት፣ ሰማዩ ጠብታ ሳይጥል፣ ብርድ ልብስ ልታመጣ ወደ ምድር ቤት ወረደች። በስመአብ! አልጋው ስር ትታው የነበረው የእናቷ ነጠላ ጫማ ደረጃው ግርጌ ጎን ለጎን ቆሟል፤ አፍንጫው ወደ ላይ ዞሮ፣ ውሃ እያንጠባጠበ። ወለሉ ርሷል። ግድግዳውም እስከ ቁርጭምጭሚት ድረስ። ውሃው ከስር መጥቶ፣ ማንም ሳይሰማው ተመልሷል።

ወንድሟ መጣ። «ለቁርጭምጭሚት ነው ያን ሁሉ ያሰቃየሻት?» ብሎ ሊስቅ ሲል ጫማውን አየና ወደ ኋላ አፈገፈገ።

እሷ ግን ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። እውነቱን ነው፤ ይህ ውሃ ፍራሹን እንኳ አይነካም ነበር።

«ልጄ!» የሚል የእናቷ ድምፅ ከላይ ተሰማ። ስንት ወር የናፈቃት ቃል! እየሮጠች ወጣች።

እናቷ የታችውን ወሬ ሰምተው ኖሯል፤ በቀጭን ጣታቸው ከትራሳቸው በላይ ያለውን ነጭ ግድግዳ እያሳዩ «እዚህም አስምሪልኝ» አሏት።

«እማዬ፣ እዚህ መድረሱን እኮ አላውቅም።»

«እኔስ አውቃለሁ እንዴ? ብሩሽሽን አምጪ።»

ቤቱ ከዚያ በላይ ፎቅ የለውም። ሄዳ ብሩሹን አመጣች።