ደሴት የሠራችው ፊኩዪ

አያቴ ፊኩዪ ደሴት ሠርታለች። ቤት አላልኩም፣ ደሴት ነው ያልኩት። በትልቋ ደሴት በማላይታ ዳርቻ፣ ማዕበሉን ከሚሰብረው የኮራል ድንጋይ አጥር ወዲህ፣ ባሕሩ ጥልቅ አይደለም። ሰው ከሥር ድንጋይ እየፈነቀለ፣ በታንኳ እየጫነ፣ አንድ ቦታ ይከምራል። ክምሩ ከውሃ በላይ ሲወጣ ጎጆ ይቀለስበታል። መንደራችን የተጀመረው እንዲህ ነው።

ፊኩዪ መከመር የጀመረችው ከባሏ ጋር ነበር። የብሱ ላይ ሁለት ልጆቻቸውን ወባ ጨርሶባቸዋል፤ ትንኙ ደግሞ ነፋሱን አልፎ ውሃው መሀል አይደርስም። ክምሩ ጉልበት ሳያክል ባሏም ሞተ። ዝናቡ ሲቃረብ የቀረቻትን አንዲት ልጅ፣ እናቴን ኦሪናን፣ ወባው ያንቀጠቅጣት ጀመር።

የባሏ ታላቅ ወንድም ቶአታ የራሱን ደሴት ጨርሶ ተደላድሏል። በታንኳ ባለፈ ቁጥር ሳይነካካት አይሄድም።

«እቴ፣ ይኼ የዓሣ መኝታ መቼ ነው የሚያልቀው?»

«ሲያልቅ ትጠራለህ፣ ወንድም ጋሼ።»

«እስከዚያ አረጃለሁ።»

«አንተማ አርጅተህ ጨርሰሃል» አለችው፣ ድንጋይዋን እየጣለች።

በመጨረሻ ክምሩ ከውሃው ክንድ ያህል ወጣ። ፊኩዪ ምንጣፍ አንጥፋ ልጇን አስተኛቻት። እናቴ ስለዚያ ሰሞን የምታወራው ግማሹ ሕልም ነው፤ የቱ ግማሽ እንደሆነ ግን ጠይቄያት አላውቅም። ሰማዩና ውሃው አንድ ቀለም ሆኑ ትላለች። ታንኳዎቹ በደመና ላይ ይሄዱ ነበር፤ ደሴቷም ቀስ እያለች ትወዛወዝ ነበር።

በአራተኛው ቀን ትልቁ የባሕር ሙላት መጣ። ፊኩዪ ክምሩን የለካችው በየቀኑ በሚመጣው በተራው ሙላት ነበር፤ በዓመት አንዴ የሚመጣውን ረስታዋለች። ቀትር ላይ ምንጣፉ ረጠበ፣ ከዚያም ተንሳፈፈ። ልጇን ተሸክማ ቆመች። ውሃው ጉልበቷ ደረሰ። ወደ የብሱ ብትመለስ ልጅቷን እንደምትቀብራት ታውቃለች፤ ስለዚህ አልተንቀሳቀሰችም።

ቶአታ መጥቶ አያት። አልሳቀም። ታንኳውን አዙሮ ሄደ። አያቴ ያኔ አለቀሰች።

ውሃው ሲሸሽ ተመለሰ፤ ታንኳው በድንጋይ ክብደት ሊሰምጥ ምንም አልቀረው። ድንጋዮቹ ደረቅ ናቸው፣ ገሚሶቹም ጥላሸት ለብሰዋል። ፊኩዪ ቀና ብላ የእሱን ደሴት ብታይ፣ የምሥራቁ ጫፍ ተንዷል፤ ማድቤቱም የለም።

«ወንድም ጋሼ፣ ቤትህን አፈረስከው?»

«ወሬውን ተይና ተቀበዪኝ፤ ወገቤ ተቆረጠ።»

እስኪመሽ አራት ጊዜ ተመላለሰ፤ ክምሩም በድንጋዮቹ ከፍ አለ። እሳት የሚያነድበት ስላልነበረው ያን ቀን ጥሬ ኮኮናት በልቶ አደረ።

ከቀናት በኋላ ትኩሳቱ እናቴን ለቀቃት። ዓይኗን ሳትገልጥ ከምንጣፉ ሥር የሚወጣውን የጭስ ሽታ አሸተተች።

«እማ» አለች፣ «አጎቴ ቤት ነው እንዴ ያለነው?»