ወንድሜ ያሰመራት ዴሜተር

አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረስኩ ወንድሜ ታምራት ሶዶ መናኸሪያ አጠገብ ወዳለችው የማስታወቂያ ሥዕል ቤቱ ወሰደኝ። የመጀመሪያ ቀን ሥራዬ አቡጀዲ በእንጨት ፍሬም ላይ መወጠር፣ ከዚያም ኮላና ነጭ ቀለም ቀላቅሎ መቀባት ነበር። ሲደርቅ ታምራት በከሰል «ፀጉር ቤት» ብሎ አሰመረና ብሩሽ ሰጠኝ።

«መስመር የእኔ፣ ሙሌት ያንተ» አለኝ።

«ፀ»ን ስሞላ ቢጫው ወደ «ጉ» ፈሰሰ። ይቆጣል ብዬ ጠበቅኩ። ቲነር የነካ ጨርቅ ወረወረልኝ።

«ፊደል ጎረቤት አለው። አትጋፋው!»

እንዲህ ሠራን። መሰላላችንን ሚኒባስ ላይ ጭነን ዲምቱ የመድኃኒት ቤት ታፔላ፣ ቦምቤ የምግብ ቤት ግድግዳ ሠርተናል። በኋላ ባነር የሚያትሙ ማሽኖች ከተማ ገቡ። ደንበኛ ቀነሰ። ታምራት አላማረረም። የጥንት ግሪኮች ተረት ያለበት አሮጌ መጽሐፍ ነበረው። ከእሱ እያነበበ መሳል ጀመረ።

መጀመሪያ የሣለው ፕሮሜቴዎስን ነው። እሳት ከአማልክት ሰርቆ ለሰው ሰጠ፤ በቅጣት ከዐለት ጋር ታሰረ። ታምራት ዐለቱን ዳሞታ ተራራ አደረገው። ቀለም የሚሸጥልን ጎረቤታችን ጋሽ ስብስቤ ከብረታ ብረት ሱቁ ወጥቶ ቆመ።

«ታሜ፣ ሶዶ ሰው አለቀና ግሪክ ወረድክ?»

«ጋሼ፣ የታሰረበት ሰንሰለት እኮ ከእርስዎ ሱቅ ነው።»

«እንዲያ ከሆነ ከሥሩ ስልኬን ጻፍበት!»

ሥዕሎቹ ሲበዙ በከተማው አዳራሽ ውስጥ እንዲታዩ ተፈቀደ። የመጨረሻዋ ዴሜተር ነበረች፣ የእህል አምላክ። የሙታን ንጉሥ ልጇን ከምድር በታች ወሰደባት። እሷ ፍለጋ ስትዞር ምድር ማብቀል አቆመች። ታምራት ጥቁር፣ ቀይና ቢጫ መስመር ያለውን የወላይታ የባህል ልብስ፣ ዱንጉዛ አለበሳት። ድርቅ የማይደፍረውን እንሰት ከኋላዋ እንደጠወለገ አድርጎ ሣለው። ሁሉንም በከሰል አሰመረ። ከዚያ ታመመ። አልዳነም።

ከለቅሶው በኋላ ሱቃችንን ስከፍት የብረት በሩ ተንገጫገጨ። ከሥዕሉ ሥር ጥቁር ዱቄት አየሁ። ከሰል አቧራ ነው፤ ካልተሞላ ይረግፋል። የዴሜተር ትከሻ ደብዝዟል። የወንድሜ እጅ እየጠፋ ነበር። እኔ ደግሞ ብነካው የማበላሸው መሰለኝ።

የትርኢቱ አዘጋጅ ደወለች። «ያለቁትን ብቻ እንስቀል። ያቺ ትቅር» አለች።

እናታችን ጥቁሯን እንደለበሰች ሱቅ መጣች። ሥዕሉ ፊት ቆመች።

«ማናት?»

ነገርኳት።

«ልጇን አገኘቻት?»

«አገኘቻት፣ እማዬ። ግን ልጇ የዓመቱን ከፊል ከእሷ ጋር፣ ከፊሉን ከምድር በታች ነው።»

«ከፊሉም ደህና ነው» አለች። «በል ሙላው። እሱ አስተምሮህ የለ?»

ሞላሁት። ጥቁሩን፣ ቀዩን፣ ቢጫውን። ፊቷ ላይ ስደርስ ብሩሹን አስቀምጬ ቁጭ አልኩ፤ ተነሣሁ። የደበዘዘው ትከሻ ላይ መስመር አልነበረም። እዚያ ቦታ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሴ አሰመርኩ።

አዳራሹ ውስጥ መሀል ላይ ተሰቀለች። ሰው ሁሉ እሷ ፊት ይቆም ነበር። ጋሽ ስብስቤ መነጽሩን አድርጎ ተጠጋ። በጣቱ ትከሻዋን አመለከተ።

«ይቺ መስመር ያንተ ናት።»

«አዎ፣ ጋሼ። ትታወቃለች?»

«ቀለም ሻጭ ነኝ እኮ። ሌላው የታሜ ነው። ይቺ ወፈር ብላለች።» ከዚያ ትከሻዬን ያዘኝ። «ቢሆንም የታሜን አልተጋፋችውም።»

ከሥዕሉ ሥር የታምራትን ስም ብቻ ጽፌያለሁ። ወንድሜ ሠዓሊ ነበር። ይህን ከሶዶ እስከ ቦምቤ ለጠየቀኝ ሁሉ ቀና ብዬ እናገራለሁ።

አሁን ሱቁ ውስጥ የምሠራው እኔ ነኝ፤ መስመሩም ሙሌቱም የእኔ ሆኗል። ለሙያው አዲስ ለሆነ ሰው የምለው አንድ ነገር ነው፦ በከሰል ያሰመርከውን ሳይረግፍ ሙላው።