ማንም ሳይሞት የተነፋ ጥሩምባ

ደግሰውን ሰቆጣ ላይ በእኛ ሰፈር የማያውቀው የለም፤ ሲያየው ደስ የሚለው ሰው ግን አልነበረም። የዕድራችን ጥሩምባ ነፊ ነው። ሰው ሲሞት በማለዳ ይነፋል፣ የሟቹን ስም ይጠራል፣ ያልሰማ እንዳይኖር ደግሞ በየበሩ እየዞረ ይናገራል። ሰውየው ደግ ነው፣ ጨዋታም ያውቃል። ምን ያደርጋል! ብቅ ሲል የሁላችንም ፊት ይጠቁራል። ሰላም ሊለን ቢመጣ እንኳ መልሳችን «ማን ሞተ?» ነው። ጎረቤቱ ለተሥላሴማ ባሏ ዝቋላ ሄዶ በዚያው ሲቀር መርዶውን የነገራት እሱ ስለሆነ፣ ከዚያ ወዲህ በሯን ከፍታለት አታውቅም። ይህ ነገር ያንገበግበው ነበር።

«አንድ ቀን እንኳ ደስ የሚል ወሬ ይዤ ባንኳኳ» ይለኝ ነበር።

ባለፈው ዓመት የሥነ ሕንፃ ተማሪዎች መጡ። አለቃቸው ኤደን የምትባል ቀጭን ልጅ ናት። ከሰፈሩ በታች ቆሻሻ የምንደፋበት ቦረቦር ዳር፣ ልጆች ስለ አፈርና ስለ ውሃ የሚማሩበት ማዕከልና የአትክልት ቦታ ሊነድፉ ነው። ቀበሌው ግን ነዋሪው ተሰብስቦ ካልተስማማበት ቦታው ለሌላ ሥራ ይሰጣል አለ። ኤደን ስብሰባ ጠራች፣ ደግማም ጠራች። ማን ይምጣላት? ስብሰባ የሚባል ነገር አንገሽግሾናል። የድምፅ ማጉያው ሲጮኽ እኛ እንዲያውም በር እንዘጋለን።

ልጅቱ ተስፋ ቆርጣ ዕቃዋን ልትሸክፍ ስትል ደግሰውን አገኘችው። «ጋሽ ደግሰው፣ እርስዎ ቢጠሯቸው እኮ ይመጡ ነበር» አለችው።

ጥሩምባው ያለ ሞት አይነፋም፤ የዕድሩ ሕግ ነው። ደግሰው ሕጉን ከማናችንም በላይ ያውቀዋል። ግን ያ ምኞቱ አሸነፈው። ነፍቶ ወዲያው «ማንም አልሞተም፣ ለአትክልቱ ቦታ ኑ!» ቢል የምንሰማው መስሎት ነበር። የዋህ!

ጥሩምባ ከተነፋ ወዲያ ቃል የሚያዳምጥ አለ? ሴቶቹ ነጠላችንን አዘቅዝቀን፣ ወንዶቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው ግር ብለን ወጣን። እኔ ለማን እንደማለቅስ እንኳ ሳላውቅ እያለቀስኩ ነበር። ድምፁን ተከትለን ቦረቦሩ ዳር ስንደርስ ሬሳ የለም። ኤደንና ጓደኞቿ መሬቱ ላይ አመድ እየበተኑ የቤቱን ቅርጽ በቁመቱና በስፋቱ ልክ ስለውታል።

«ማነው የሞተው?» አለ የዕድሩ ዳኛ አቶ ካሤ።

«ማንም» አለ ደግሰው።

«ማንም ሳይሞት ነፋህ? አምጣ ጥሩምባውን!» ነጥቆ ብብቱ ውስጥ ከተተው። ደግሰው አንገቱን ደፋ። እኔም ንዴቴ ገና አልበረደም ነበር፤ ፊቱን ሳይ ግን አሳዘነኝ።

ሰው ሊበተን ሲል ኤደን ፈራ ተባ እያለች ለተሥላሴን «እማማ፣ የቆሙበት የችግኝ ማፍያው ነው» አለቻት። ለተሥላሴ ችግኝ የረገጠች ይመስል ደንግጣ እግሯን አነሳች። ሳቅ አመለጠን። በለቅሶ አለባበስ ሆነን ሳቅን!

«ውሃውስ ከየት ይመጣል?» አለች ለተሥላሴ።

«የክረምቱን ዝናብ ከጣሪያው እናጠራቅማለን።»

ከዚያ በኋላ ማን ይቻለን። አንዱ በር አለ ብሎ በአመዱ በር ይገባል፣ ሌላው በመስኮቱ አንገቱን ያወጣል። አቶ ካሤ ራሱ «ዳር ያለውን ሜዳ ከያዛችሁብን የለቅሶው ድንኳን የት ሊተከል ነው?» ብሎ ተቆጣ፤ ኤደን አንዱን የአመድ መስመር በእግሯ አጥፍታ ወደ ውስጥ ገባ አድርጋ ሳለችና ለድንኳኑ ቦታ ተወች። ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ ተስማማን። ካሤም ጥሩምባውን ለደግሰው መለሰለት።

«ይህ ለሞት ብቻ ነው። ለዚህኛው ሌላ መጥሪያ ይፈለግልህ» አለው። ኤደን ይህን ሰምታ በአመዱ በር አጠገብ አንድ የደወል ምሰሶ ጨምራ ሳለች። ዘንድሮ ቤቱ በድንጋያችን ተሠርቶ ሲያልቅ እንደ ትምህርት ቤት ደወል የመኪና ቸርኬ ተሰቀለበት፤ የሚደውለውም ደግሰው ነው።

ባለፈው ሰሞን ደውሎ ሲያበቃ እንደ ልማዱ ያልሰማ እንዳይኖር በየበሩ ዞረ። ለተሥላሴ በር ላይ ሲደርስ ቆም አለ፤ እኔ ከአጥሬ ሆኜ አያለሁ። አንኳኳ። በሩ ተከፈተ።

«ምን ደረሰ?» አለችው።

«ጎመኑ» አለ።

«ግባ እንጂ ደግሰው፣ ምነው በር ላይ ቆምክ?»